የቢጁ እግር ዋጋ

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ፣ ልጄ ሕይወት በምትኖርበት ቤት በር ላይ፣ የልጅ ልጄን የቤቲን ትንሽ ውሻ ባጃጅ ገጫት። ስሟ ኮኮ ነው፤ ከአንድ ጥንድ ጫማ የማትከብድ ነጭ ውሻ ናት። ባጃጁ አልቆመም። ሕይወት ሥራ ላይ ስለነበረች ውሻዋን በፎጣ ጠቅልዬ፣ የምታለቅሰውን ቤቲን ይዤ፣ በሌላ ባጃጅ ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ናት። የኮኮን እግር ዳበስ ዳበስ አደረገችና “አባባ፣ የኋላ እግሯ ነው፤ ደግነቱ አጥንቱ አልደቀቀም፤ ያዙልኝ” አለችኝ። ያዝኩላት። ማደንዘዣ ወጋቻት፣ ጀሶውን ውሃ ውስጥ ነክራ ጠመጠመችላት፣ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ብር አለችኝ፣ በስልኬ ላክሁላት፣ አለቀ። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ስንወጣ ቤቲ እጄን ይዛ ሳመችው። ልጅ ናት፤ ያ እጅ ሲሠራ የኖረውን አታውቅም።

የፈራ ውሻ የራሱ ሽታ አለው። እርጥብ ፀጉር፣ ሽንትና ትኩስ ትንፋሽ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚሸት ነገር ነው። ከአርባ ዓመት በላይ አልሸተተኝም ነበር። ኮኮን ይዤ ሳለ አፍንጫዬን ሲሞላው ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ሐኪሟም “ደም አይወዱም እንዴ አባባ?” ብላ ወንበር አቀረበችልኝ። ደምስ ብዙ አይቻለሁ። “አዎ፣ አልወድም” አልኳት። ማታውን አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ስገላበጥ ግን ይህን ነገር ለማንም ሳልናገር መሞት እንደማልፈልግ አወቅሁ። እነሆ እጽፈዋለሁ።

ያን ጊዜ ሳቢያን ብዙም ቤት አልነበረበትም። ድሬ ማለት ለእኛ ከዚራና መጋላ፣ በመሐላቸው ደግሞ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ነበር። እኔ የከዚራ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከደጋ መጥቶ ባቡር ጥገና ውስጥ የገባ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ሰፈሩ ዛፍ በዛፍ ስለሆነ ቀትር ላይ እንኳ ከጥላ ወደ ጥላ እየዘለሉ መድረስ ይቻል ነበር። ሻይ አሥር ሳንቲም ነበር፤ ዘይቱ እየተንጠባጠበ በጋዜጣ የሚጠቀለለው ሳምቡሳም ከዚያ ብዙ አይበልጥም። ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ ጨርቅ ገና ከፉርጎ ሳይወርድ ይሸጥ ነበር። እኔ እግሩ እንደ ደወል የሰፋ ክሬም ሱሪ ነበረኝ፤ ኮሌታው እስከ ትከሻ የሚደርስ ሸሚዝ፣ ማበጠሪያ የምሰካበት አፍሮ ፀጉርም ነበረኝ። ከዚራ ያሉት ሻይ ቤቶች የአማርኛ ዘፈን ከቴፕ ይለቃሉ፤ ደቻቱን ሲሻገሩ ደግሞ ሶማሊኛው በዑድ ይቀበልዎታል። አንድ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ቀጥሎ በሶማሊኛ ሲጨርስ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ዛሬ ሰው “ደጉ ዘመን” ሲል እሰማለሁ። ሳምቡሳው ደግ ነበር። እኔ ደግ አልነበርኩም።

አባቴ በቀበቶ ነበር ያሳደገኝ። ቀበቶውን ከቁልፉ በኩል ነበር የሚያሳርፈው። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ቀበቶውን ከእጁ ቀምቼ መለስኩለት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካኝም፤ እኔም ትምህርቴን የጨረስኩ መሰለኝ። ሾፌር ሆንኩ። ትልቁን ኤንትሬ የጭነት መኪና ወደ ጅጅጋና ወደ ደወሌ እነዳ ነበር። ቀፊራ ገበያ አጠገብ የአንዱን መንጋጋ ሰብሬአለሁ፤ ለገሃር ፊት ለፊት የሌላውን ጆሮ በጥርሴ ይዤ አልለቅም ብዬ ፖሊስ በዱላ ጀርባዬን እየደበደበ ነው ያላቀቀኝ። ስሜ ሽፈራው ነው፤ ሰዎች ስሙ የበዛበት አይደለም ይሉ ነበር። ይህንን ሲሉ ደስ ይለኝ ነበር፤ ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል።

አስካለን ያገባኋት በዚያ ዘመን ነው። የመልካ ጀብዱ ልጅ ናት፤ እናቷ ሽንኩርት ያለሙ ነበር። አስካለ ልብስ ሰፊ ነበረች። የሲንጀር መኪናዋን በረንዳ ላይ አስቀምጣ ለመጋላ ሴቶች ድሪያ የሚባለውን ስስ ቀሚስ ትሰፋ ነበር፤ እግሯ መርገጫውን ሲመታ ድምፁ እስከ መንገድ ይሰማል። ዝምተኛ ናት። አክስቷ ለአንድ ፈረንሳዊ የባቡር ሠራተኛ ምግብ ያበስሉ ነበርና ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ ትንሽዬ ውሻውን ለእሳቸው ጥሎ ሄደ፤ እሳቸው ለአስካለ ሰጧት። ቢጁ ይባላል። ቡናማና ነጭ፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ፣ ከድመት እምብዛም የማይበልጥ ውሻ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከመኪናው መርገጫ ሥር ይተኛል፤ እኔ ስገባ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ይሄዳል። ጭራውን አይቆላም፣ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ይሄዳል። ይህ ያናድደኝ ነበር።

አስካለን እመታት ነበር። ሌላ ቃል ብፈልግለት ውሸት ይሆናል። ሁልጊዜ አልነበረም፤ ግን በወር አንዴም ቢሆን የሚጠብቁት ነገር ሁልጊዜ ማለት ነው። ጎረቤት ይሰማል፤ ጎረቤት ዝም ይላል። በበነጋው አስካለ በረንዳዋ ላይ ትሰፋለች፤ እኔም መንገድ ዳር ሻይ እጠጣለሁ፤ ሰው ሁሉ “ሽፈራው፣ እንደምን አደርክ” ይለኛል።

ያ ቀን ግን እንዲህ ሆነ። ከጅጅጋ ስመለስ ከጫንኩት ሽንኩርት ሥር የደበቅሁትን የኮንትሮባንድ ጨርቅ ኬላ ላይ አገኙብኝ። ጨርቁ ሄደ፤ እሱስ ይሁን። አንድ ወታደር፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ “ውረድ” አለኝ። ቀስ ብዬ ስወርድ በሰደፍ ፊቴን መታኝ። መሬት ላይ ወደቅሁ። ተሰልፈው የቆሙት መኪናዎች ውስጥ የሚያውቁኝ ሾፌሮች ነበሩ። “ተንበርከክ” አለኝ፤ ተንበረከክሁ። ጫማዬን አስወልቆ ትኩስ አስፋልት ላይ በእጄና በጉልበቴ አስኬደኝ። ያ ስሙ ያልበዛበት ሰውዬ ጓደኞቹ እያዩት እንደ ፍየል በአራት እግሩ ሄደ። ድሬ የገባሁት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ የድሬን የዚያ ሰዓት ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ የተጋደመበት ሰዓት ነው። መኪናውን አቆምኩና ሳላውቀው የክሪኩን ማዞሪያ ብረት ይዤ ወረድኩ።

አስካለ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ሰማያዊ፣ ራሷ የሰፋችው። ፀጉሯን ተሠርታለች። ፊቴን ስታይ “ምን ሆንክ?” አለችኝ።

“ይህን ለማን ነው የለበስሽው?” አልኳት።

“ለማን እለብሳለሁ? ለአንተ ነው። ግባና ፊትህን ልጠብልህ።”

“እኔ ዛሬ እንደምመጣ ማን ነገረሽ?”

“ሽፈራው፣ ግባ። የምነግርህ ነገር አለኝ።”

አልገባሁም። ብረቱን ወረወርኩት። ወረወርኩት ስል በንዴት ያመለጠኝ እንዳይመስላችሁ፤ አነጣጥሬ ነው። ቢጁ ከመርገጫው ሥር ተነሥቶ ሲመጣ አላየሁትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጮኾብኝ የማያውቅ ውሻ ያን ቀን እየጮኸ በእኔና በእሷ መሐል ዘለለ፤ ብረቱ የኋላ እግሩ ላይ አረፈ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነው የሰማሁት። ከዚያ ውሻው ጮኸ። የሕፃን ጩኸት ይመስላል። እየተሽከረከረ የራሱን እግር ይነክስ ጀመር። እንዲህ ሆኖ እያየሁት አልበቃኝም፤ ልረግጠው ተራመድኩ። አስካለ ላዩ ላይ ወደቀችበት። እርግጫዬ ትከሻዋ ላይ አረፈ። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ነጠላዋን አውልቃ ውሻውን ጠቀለለችው፤ ነጠላው ወዲያው ቀላ። በአጠገቤ አልፋ ወጣች። እኔ ገብቼ ተኛሁ። እንዴት እንቅልፍ እንደወሰደኝ እስካሁን አይገባኝም፤ ግን ተኛሁ።

ስነቃ አስካለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሰማያዊው ቀሚስ ደም በደም ሆኗል። ቢጁ እግሩ በጨርቅ ታስሮ ጭኗ ላይ ተኝቷል።

“ሐፈት ኢሳ ያሉት ወጌሻ ዘንድ ወሰድኩት” አለችኝ። “ለጊዜው አስረውልኛል። አጥንቱን የሚያስተካክሉት ነገ ነው። ዋጋውን ስጠይቃቸው ከእኔ አልቀበልም አሉ። የሰበረው ሰው ራሱ ይምጣና ይክፈል አሉ።”

“ለውሻ?”

“ለውሻ።”

“ባልሄድስ?”

“ከሄድክ እዚህ ነኝ። አልሄድም ካልክ ዛሬውኑ መልካ ጀብዱ ነኝ።” ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። የሄድኩት ፈርቼ ይሁን አፍሬ ዛሬም በቅጡ አላውቀውም። ለራሴ የነገርኩት ግን ሽማግሌውን ብር አቅምሼ አፉን አስይዤ እመለሳለሁ ብዬ ነው።

ወጌሻው አደር ሮብሌ ይባላሉ። አደር ማለት በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ሰው ሁሉ እንዲያ ነበር የሚላቸው። የግመል፣ የፍየልና የሰው አጥንት እየጠገኑ ያረጁ ሰው ናቸው። ጥርስ ስላልነበራቸው ጫታቸውን በትንሽ ሙቀጫ ወቅጠው ነበር በጉንጫቸው የሚይዙት፤ ሻያቸው ውስጥ ስኳሩ ከሻዩ ይበልጣል፤ ቁጡ ናቸው፣ በሽተኛ ይሰድባሉ። ገና ሳልቀመጥ አሥር ብር አውጥቼ ምንጣፉ ላይ ጣልኩላቸው። ያኔ አሥር ብር በግ ሊገዛ ምን ቀረው።

ብሩን አዩት። “ወሪያ ሾፌር፣ ይሄ ለቅቤ፣ ለእንቁላልና ለጨርቅ ይሆናል። ዋጋው ገና ነው። ና ያዘው።”

“ምኑን?”

“የሰበርከውን። እኔ ስጎትት አንተ ትይዛለህ። በአራት በአራት ቀን ትመጣለህ፣ ትይዛለህ። እስኪሄድ ድረስ። ዋጋው ይሄ ነው።”

ልስቅ ፈለግሁ። አስካለ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ያዝኩት። ቢጁ እጄ ሲነካው ሸናብኝ፤ ክሬም ሱሪዬ ላይ። መንቀጥቀጡ በእጄ አልፎ እስከ ትከሻዬ ይሰማኛል። ሽማግሌው በለዘበ ቅቤ አሹት፣ ጎተቱት፣ የአጥንቱን ጫፍና ጫፍ አገናኙት፣ በእንቁላል የተነከረ ጨርቅ ጠቀለሉበት፣ በሸምበቆ ስንጥር አሰሩት። ሲጨርሱ ወደ ውጭ ወጥተው እጃቸውን ይታጠቡ ጀመር። በእሳቸው እምነት ውሻ የነካ ሰው እንዴት እንደሚታጠብ ድሬ ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር። ቆሜ ቆጠርኩ። ሰባት ሞላ።

ከዚያ በኋላ በአራት በአራት ቀኑ ከዚራን አቋርጬ፣ ደቻቱን ተሻግሬ፣ ቢጁን ታቅፌ እሄዳለሁ። አስካለ ከፊቴ ትሄዳለች። በመንገዱ ያለ ሰው ሁሉ ያየኛል። ዛሬ የደቻቱ ዳርና ዳር በግንብ ታጥሯል፣ ድልድዩ ላይ ባጃጅ ተጨናንቋል፤ ያኔ አሸዋውን በእግር ረግጠን ነበር የምንሻገረው፤ ሴቶች ዝርግ ዕቃ ላይ ቃሪያና ሎሚ ይዘው ወንዙ መሐል ይቀመጡ ነበር። “ሽፈራው ልጅ ወለደ እንዴ?” ይሉኛል እየሳቁ። ጥርሴን ነክሼ አልፋለሁ።

ሦስተኛው ጊዜ ላይ ነው። ብቻዬን ነበርኩ፤ አስካለ ትከሻዋን አሟት ቀርታለች። ሻይ ቤቱ ጋ ስደርስ ግርማ ቀዩ የሚባል ሾፌር ተቀምጧል። ያን ቀን ኬላው ላይ ከነበሩት አንዱ ነው። “አቦ ሽፈራው፣” አለኝ፣ “ውሻውም እንደ አንተ በአራት እግር መሄድ አቃተው?” ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

ቢጁን መሬት ላይ ጣልኩት። አስቀመጥኩት ማለት እችል ነበር፤ ጣልኩት። ጠርሙስ አንሥቼ የግርማ ቀዩ ቅንድብ ላይ ሰበርኩት፤ በተሰበረው ጉንጩን ሸረከትኩት። ወደቀ፤ ደረቱ ላይ ተቀምጬ ደም ዓይኑን እስኪሸፍነው በቡጢ ቀጠቀጥኩት። ሰዎች ገቡ፤ ወንበር ተወረወረ፤ አንዱ ከኋላዬ አንገቴን አንቆ ጣለኝ፤ ደርዘን እግር ወገቤን ይረግጠዋል። በዚያ ሁሉ መሐል የምሰማው የውሻውን ጩኸት ነው። ከጠረጴዛው ሥር ለመውጣት እየሞከረ ነበር፤ ሰው ሁሉ ይረግጠዋል። ሲለቁኝ እየተሳብኩ ሄጄ አወጣሁት። ሸምበቆው ተሰባብሯል፤ እግሩ ወደ ጎን ዞሯል።

አደር ሮብሌ እግሩን በጣታቸው ዳበሱት። እኔም ውሻውም ደም ለብሰናል።

“ዞሯል” አሉ። “አጥንቱ መያዝ ጀምሮ ነበር፤ አሁን ሳይላቀቅ ጠሟል። እንዲህ ከቀረ ዕድሜውን ሙሉ ይጎትተዋል። እንደገና መሰበር አለበት።”

“ይስበሩታ” አልኳቸው።

“እኔ ሰባሪ አይደለሁም። አንተ ነህ ሰባሪ።” ቢጁን አንሥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። አውራ ጣቶቼን ይዘው እግሩ ላይ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች አደረጉልኝ። “ያኔ ስትሰብረው ዓይንህ አላየም። አሁን እያየህ ስበረው።”

አልቻልኩም። የሰው መንጋጋ የሰበረ እጅ ከእስክርቢቶ የማይወፍር አጥንት መስበር አቃተው። “ስበር” አሉኝ። ቢጁ ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተክሏል። ሰበርኩት። ያንኑ ድምፅ ነው የሰማሁት፤ አሁን ግን በጣቶቼ ውስጥ አልፎ መጣ። ቢጁ ዞሮ መዳፌን ነከሰ። ጥርሱ ከአውራ ጣቴ ሥር ገብቶ በወዲያ በኩል ወጣ። አልለቀቀም። ያኛው እጄ ተነሣ፤ ልማዱ ነውና ተነሣ። አደር ሮብሌ አልከለከሉኝም። እጄ አየር ላይ ቆየ፣ ቆየና ወረደ። ጥርሱ ሥጋዬ ውስጥ እንዳለ እሳቸው አጥንቱን አስተካክለው አሰሩት። ከዚያ መንጋጋውን በሁለት ጣት ፈልቅቀው አላቀቁኝ።

ወጥተው ሲታጠቡ ተከትያቸው ወጣሁ። ደሜ አሸዋው ላይ ይንጠባጠባል።

“አምና ሚስትህ እዚህ መጥታ ነበር” አሉኝ ቀና ሳይሉ። “የእጇ አንጓ ተሰብሮ። ወድቄ ነው አለችኝ። እኔ የወደቀ ሰው አጥንት አውቃለሁ፤ የተጠመዘዘም አጥንት አውቃለሁ። አስሬላት፣ አምስት ብሯን ተቀብዬ ዝም አልኩ። ሁለት ወር ሳትሰፋ ቀረች ብለው ነገሩኝ።” ሰባተኛውን ታጠቡ። “እኔ ይሄው ሰባት ጊዜ ታጥቤ ጠራሁ። አንተ ስንት ጊዜ ነው የምትታጠበው?”

አምና አስካለ አንጓዋን አስራ ሳያት ምን ሆንሽ ብዬ አልጠየቅኋትም ነበር፤ አውቄዋለሁና።

ግርማ ቀዩን በመደብደቤ አርባ ቀን ታሰርኩ። ከታሰርኩበት እስክወጣ ድረስ አስካለ ቢጁን ይዛ ስትመላለስ ከርማለች፤ ያዡም ራሷ ሆናለች። እስር ቤቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ምግብ አመጣችልኝ፤ አታወራኝም፣ ሰሃኑን ተቀብላ ትሄዳለች። በወጣሁ በሦስተኛው ቀን ሸምበቆው የሚፈታበት ስለነበር አብሬያት ሄድኩ። አደር ሮብሌ ስንጥሩን አንድ በአንድ ፈቱ። እግሩ ቀጥኗል፣ ፀጉሩ ተመልጧል፣ ግን ቀጥ ብሏል። ተሸክሜው ወጥቼ ደቻቱ አሸዋ ላይ አስቀመጥኩት። እውነቱን ልናገር፣ ወደ እኔ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ደሜን ሰጥቼዋለሁ፣ ታስሬበታለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ቢጁ ቆመ፤ አየኝ፤ ከዚያ እያነከሰ፣ ቀጥሎም ሳያነክስ፣ በአራቱም እግሩ ከእኔ ሸሽቶ ሮጠ። አሸዋውን ተሻግሮ አስካለ ጋ እስኪደርስ አልቆመም። እሷ ጎንበስ ብላ አነሣችው። በዚያው ወደ መልካ ጀብዱ የምትሄድ መኪና ላይ ተሳፈረች። ልብስ እንኳ አልያዘችም፤ የስፌት መኪናዋን ቀደም ብላ ልካ ኖሯል።

ሽማግሌ ላክሁ፤ ተመለሱ። እንደገና ላክሁ። በመጨረሻ ራሴ ሄድኩ። እናቷ ቤት በራፍ፣ ግራሩ ጥላ ሥር፣ እየሰፋች አገኘኋት። ቢጁ ከመርገጫው ሥር ሆኖ አጉረመረመ። ቀና ስትል ሆዷን አየሁት፤ ገፍቷል።

“ተቀመጥ” አለችኝ። ተቀመጥኩ።

“ከዚያ ወዲህ እጄን በማንም ላይ አላነሣሁም” አልኳት።

“ሰምቻለሁ።”

“እንግዲያ ነይ፣ ቤትሽ ግቢ።”

መርገጫውን አቆመች። “ሽፈራው፣ ያን ቀን አዲስ ቀሚስ የለበስኩት ለምን እንደሆነ ጠይቀኸኝ ነበር። የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ልነግርህ ነው ስጠብቅህ የዋልኩት። መንገድ ላይ ቢዘገይም ይመጣል ብዬ ጠዋት ፀጉሬን ተሠርቼ ጠበቅሁህ። ብረቱን የወረወርከው ወደ ሆዴ ነው።”

ነፋስ የለም፤ ግራሩ አይንቀሳቀስም። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም፤ ይቅር በይኝ ያልኩ ይመስለኛል።

“ይቅር ብያለሁ” አለች። “ይቅር ማለትና አብሮ ማደር ግን አንድ አይደለም። ልጁ ሲወለድ መጥተህ እየው። አልከለክልህም። ጠጥተህ እንዳትመጣ።” መርገጫውን መምታት ጀመረች፤ ጨርሳለች ማለት ነው።

ሕይወትን ያየኋት በተወለደች በሁለተኛው ሳምንት ነው። አስካለ አላሳቀፈችኝም፤ አልጋ ላይ አስተኝታ “እያት” አለችኝ፣ አየኋት። ያቀፍኳት በሦስት ዓመቷ ነበር። ቢጁ ብዙ ኖረ፤ ከሕይወት ጋር አብሮ አደገ ማለት ይቻላል። ስመጣ ሁልጊዜ ተነሥቶ ይሄዳል፤ አንዴም አሽትቶኝ አያውቅም። ሲሞት ሕይወት አልቅሳ ታማለች፤ እኔ ነበርኩ ጉድጓዱን የቆፈርኩለት። አደር ሮብሌም ከዚያ በፊት ሞተዋል፤ ቀብራቸው ላይ ከደጅ ቆሜ ነበር።

ሌላ አላገባሁም። አስካለም አላገባችም። በኋላ የራሴ ያደረግኋትን ኤንትሬ ሸጬ ጋራዥ ውስጥ ሠራሁ፤ ጡረታ ወጣሁ። ዛሬ አዲሱ ባቡር በመልካ ጀብዱ በኩል ሲያልፍ ከአስካለ በረንዳ ይታያል። ለበዓል ለበዓል እሄዳለሁ። ስኳሩ የበዛ ሻይ ትሰጠኛለች፤ ስለ ልጃችንና ስለ ቤቲ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ጉልበታችን ሕመም እናወራለን። ዓይኗ ደክሟል፤ መርፌ ውስጥ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ። ባለፈው ፋሲካ አብረን ብዙ ሳቅን፤ ስለ ምን እንደነበር ረሳሁት። ሁለታችንም አርጅተናል፤ ልመታት ብፈልግ እንኳ ጉልበቱ የለኝም፤ ይህን እሷም ታውቃለች። ከእኔ ጋር ክፍል ውስጥ ስትቀመጥ ግን፣ አቧራው ቢገባም ሙቀቱ ቢገባም፣ በሩን ክፍት ትተዋለች፤ ወንበሯንም ከበሩ አጠገብ ነው የምታደርገው።